ሞተሩን በናፍጣ የሚያጥበው ሰውዬ

አንድ ሰው ነበረ፤ መኪናውን ከልክ በላይ የሚወድ።

ቆይ፣ ንጋቱ፣ ፊትህን አታጨማድ። ጥያቄህ አልጠፋኝም። «ጋሼ፣ ለልጄ ለትርሲት ሦስት አስጠኚ ቀየርኩላት፤ አራተኛውን ከየት ላምጣ?» ነው ያልከኝ። ሦስቱም የቀጠርካቸው ለሒሳብ ሆኖ ሳለ ስለ በር እንዳወሩህ፣ «ልጅቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ በሩ ታያለች» እያሉ እንዳሰለቹህ፣ አንተም በየተራ እንዳሰናበትካቸው ነግረኸኛል። ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ አንተ ስማኝ። ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከሞተር ውጪ ምሳሌ ከየት አመጣለሁ?

ሰውዬው ጡረታ የወጣ የቢሮ ሠራተኛ ነበር። መኪናው ነጭ፣ ትንሽ፣ ዕድሜዋ የገፋ ናት፤ አሮጌ ናት ካልከው ግን ሰላምታ ይነፍግሃል። ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቱ ገና ፊቱን ሳይታጠብ እሱ ባልዲና ጨርቅ ይዞ ደጅ ላይ ነው። ውጪዋን ያጥባል፣ ምንጣፏን ያራግፋል፣ ጎማዋን ያጠቁራል። እስከዚህ ድረስ ማንም ክፉ አይለውም። እሱን ግን አይበቃውም። ኮፈኑን ይከፍትና በቆርቆሮ የያዘውን ናፍጣ በብሩሽ እያጠቀሰ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች ይፈትገዋል። «እንደ ናፍጣ ቅባት የሚያነሳ የለም» ይላል፣ ላቡን እየጠረገ።

ልማዱን ታውቀዋለህ። እኛ ጋ መኪና ሊሸጥ የተነሳ ሁሉ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን በናፍጣ ያብረቀርቃል። ያ አንድ ቀን ነው። ይሄኛው ግን የማይሸጣትን መኪና በየሳምንቱ ያጥብ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ፣ ዓመት አልፎ ዓመት። ጎረቤቶቹ «ሞተርህ ላይ እኮ ምሳ ይቀርባል» ይሉታል። እየቀለዱበት ነው። እሱ ግን ምርቃት ይመስለውና ደስ ብሎት ይገባል።

ይህ ሰው አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ልጅቷ ታጨች፣ የሠርጉም ቀን ተቆረጠ። የሙሽራው ወገኖች ረጅም ጥቁር መኪና እንከራይ አሉ። ልጅቷ እምቢ አለች። «ትምህርት ቤት ያደረሰኝ በዚያች መኪና ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም የሚያደርሰኝ በዚያችው ነው» አለች። አባት ይህን ሲሰማ እንባውን ለመደበቅ ወደ ደጅ ወጣ፤ ወጥቶም ምን እንዳደረገ አትጠይቀኝ። ሐሙስ ነበር፣ ቅዳሜ ሳይደርስ ሞተሩን አጠበ።

በሳምንቱ ዳሽቦርዱ ላይ ሞተር የምትመስል ቢጫ መብራት በራች።

መብራት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። መኪናዋ ቆማ ስትጠብቅ ትንዘፈዘፍ ጀመር። ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ ዳገት ስታይ ግን ትንፋሽ ያጥራታል። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ያለው የከተማው ትልቁ ዳገት አናት ላይ ነው። አንድ ቀን ልጁን ይዞ ያንን ዳገት ሲሞክር እኩሌታው ላይ ቀጥ አለችበት። መንገደኞች እየሳቁ ወደ ጎን ገፉለት። ሰውዬው መሪውን እንደያዘ ወለል ብሎ የታየው የሠርጉ ቀን ነበር፤ ሙሽራ በነጭ ቀሚስ፣ አጃቢ በጭብጨባ፣ መኪናዋ መሐል ዳገት ላይ ድርቅ ብላ። ለሠርጉ የቀረው አንድ ወር ነው።

ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት።

እንግዲህ የአሁን ዘመን መኪና ሲያማት ዝም አትልም። ኮምፒውተሯ ውስጥ ሕመሟን በቁጥር ትጽፋለች። ባለ ጋራዡ ከመሪው ሥር መሣሪያ ይሰካና ቁጥሩን ያነባል። ሥራችንን «ኮምፒውተር ማድረግ» ይሉታል፤ አንተም «መኪናዬን ኮምፒውተር አስደረግኩ» ስትል ሰምቼሃለሁ። የዚያች መኪና ቁጥር ሲፈታ እንዲህ ይላል፦ «የጭስ ማውጫው ሴንሰር አየር በዝቷል፣ ቤንዚን አንሷል ብሏል።» ሴንሰሩ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ሥራው ጭሱን እያሸተተ ለኮምፒውተሩ ወሬ ማቀበል ነው።

ልብ በል። ቁጥሩ ሴንሰሩ ታሟል አላለም። ሴንሰሩ እንዲህ አለ ነው ያለው። ባለ ጋራዡ ግን የሴንሰሩን ስም እንዳየ ሌላውን ለማንበብ ትዕግሥት አልነበረውም።

«ሴንሰሩ ነው፤ አልቆለታል» አለ።

ነቅሎ ሌላ ተከለ፣ ቁጥሩን ከኮምፒውተሩ አጠፋ፣ ቢጫዋም መብራት ጠፋች። ሰውዬው አሮጌውን ሴንሰር በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ምንም ነገር የማይጥል ሰው ነበር። ፊሽካ እየነፋ ቤቱ ገባ። በሦስተኛው ቀን መብራቷ ተመለሰች፤ ቁጥሩም ያው ቁጥር።

ሁለተኛ ጋራዥ ሄደ። የዚያ ጋራዥ ባለቤት ድምፁ ጎላ ያለ፣ በራሱ የሚተማመን ሰው ነበር። ቁጥሩን አነበበና ሳቀ። «አዬ ወንድሜ፣ ይሄ የተከሉብህ እኮ ፎርጂድ ነው! እኔ ኦርጅናሉን ልስጥህ።» ነቀለ፣ ተከለ፣ አጠፋ። መብራቷ አራት ቀን ከርማ መጣች። እንግዳ ሆና የሄደች እንጂ የተባረረች አትመስልም ነበር።

ሦስተኛው ጋራዥ «አገር ውስጥ ያለው ሁሉ አይረባም» አለው። የዘመድ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣው ይዞለት መጣ። ተተከለ። ሁለት ቀን።

በዚህ መሐል ያልሞከረው የለም። ሻይ ቤት ያገኘው ሾፌር «የባትሪውን ገመድ ንቀልና መልስ» አለው። ነቀለ፣ መለሰ፣ መብራቷ ለአንድ ቀን ተኛች። ሚስቱ ጸበል ረጨችበት። ጸበሉ ለሰውዬው ትዕግሥት ሰጠው፤ መብራቷ ግን ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ በጥቁር ፕላስተር ሸፈናት። ፕላስተሩ ሥር እንደምትበራ ስለሚያውቅ ግን ዓይኑ ከመንገዱ ይልቅ እሱ ላይ ነበር።

ሠርጉ እሑድ ሆኖ ረቡዕ ጠዋት ሰውዬው ተሸነፈ። ረጅሙን ጥቁር መኪና ሊከራይ ስልክ አንስቶ ሲያወራ ልጁ ከበስተኋላው መጣች።

«አባዬ፣ ስልኩን ዝጋው።»

«ልጄ፣ ዳገቱን አትወጣልንም።»

«ካልወጣች ግርጌው ላይ ትቁም። ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ክንድህን ይዤ በእግሬ እወጣለሁ። በሌላ መኪና ግን አልሄድም።»

ሰውዬው ስልኩን ዘጋ። መኪናዋን አስነስቶ ከከተማው ዳር፣ ከብሎኬት ማምረቻው ጀርባ ወዳለች አንዲት መካኒክ ሄደ። ሰው ስለ እሷ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቸኩላ አታውቅም።

መካኒኳ ታሪኩን ሁሉ እጇን እያበሰች ሰማችው። እሱ መሣሪያዋን እስክትሰካ ይጠብቃል፤ እሷ አልሰካችም።

«አሮጌዎቹ ሴንሰሮች የት አሉ?» አለችው።

«የመጨረሻው አሁንም እንደተተከለ ነው። ሁለቱ ኪሴ ውስጥ አሉ።»

የተተከለውን ነቀለች። ሁለቱን ተቀበለችው። ሦስቱንም በጨርቅ ጠረገችና ኮፈኑ ላይ ጎን ለጎን ደረደረቻቸው፤ እዚያ የሚያበራ ነጭ ኮፈን ላይ። ሰውዬው ቀለሙ እንዳይጫር ሳይሰጋ አልቀረም።

«እነዚህ ይተዋወቃሉ?» አለችው።

«ማን?»

«እነዚህ ሦስቱ።»

«እንዴት ይተዋወቃሉ? አንዱ ከመኪናዋ ጋር የመጣ ነው። አንዱን እዚህ ገዛሁት። አንዱ በሻንጣ ነው የመጣው፤ ባሕር ተሻግሮ።» አራተኛው፣ ፎርጂድ የተባለው፣ ሁለተኛው ጋራዥ ቅርጫት ውስጥ ቀርቶ ነበር።

«ምን አሉ?»

«ያው አየር በዝቷል አሉ።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

«እንግዲህ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች በተለያየ ቀን በርህን አንኳኩተው ‹ቤትህ ውስጥ የሚጨስ ነገር አለ› ቢሉህ፣ ሰዎቹን ትቀይራለህ ወይስ ገብተህ ጓዳህን ታያለህ?»

ሰውዬው የሚስቅም የሚያለቅስም በሚመስል ድምፅ «የኔ እናት፣ አንድ ወር ሙሉ ምስክር ሳባርር ከረምኩ በይኛ!» አለ።

መካኒኳ አንዱን ሴንሰር መለሰችና ሞተሩን አስነሳ አለችው። ራዲዮውን አስዘጋችው። ከዚያ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ጎማ ቱቦ አነሳች። አንዱን ጫፍ ጆሮዋ ላይ አድርጋ በሌላው ጫፍ ሞተሩን ትዳብስ ጀመር፤ እዚህ ትንሽ፣ እዚያ ትንሽ፣ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጠው። አንድ ቦታ ስትደርስ ቆመች። ፈገግ አለች። ቱቦውን ከጆሮዋ ነቅላ ለእሱ ሰጠችው።

ሰውዬው አዳመጠ። ሞተሩ ውስጥ፣ ሁልጊዜ ሲፈትገው በነበረው ቦታ፣ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ያፏጫል።

«ጣትህን ስደድ» አለችው።

አውራ ጣቱን ወደ ታች ሰደደ። ጣት የምታህል የላስቲክ ቱቦ አገኘ፤ በጎኗ ተሰንጥቃለች። ስንጥቁን በጣቱ ደፈነው። ወዲያው ስትንዘፈዘፍ የነበረችው መኪና ጸጥ አለች። ድምፅዋ ወፍራም፣ የተረጋጋ፣ የወጣትነቷ ድምፅ ሆነ። ጣቱን አነሳ፤ ተንዘፈዘፈች። ደፈነ፤ ተረጋጋች። ሰውዬው እንደ ሕፃን አምስት ስድስት ጊዜ እያነሳ ደፈነ።

«ሰማሽ? ሰማሽ?» ይላታል። እሷ እኮ ናት ያሳየችው።

አየር ይገባ የነበረው በዚያ ስንጥቅ ነው። ሴንሰሮቹ ሁሉ እውነታቸውን ነበር።

መካኒኳ ላስቲኳን ነቅላ በጣቷ ጫን አለቻት። ብስል ሙዝ ይመስል ተጨፈለቀች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻት።

«ናፍጣ ይሸታል። ናፍጣ ደግሞ ላስቲክ ይበላል። ይሄን ሞተር ማነው የሚያጥበው?»

ሰውዬው ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ከእሱ ሌላ ሰው የለም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ደግሞ እኮ ስለምወዳት ነው።»

«አውቃለሁ» አለችው። «በጣም ንጹሕ ነው።»

አዲስ ላስቲክ ቆርጣ አሰረችለት። ሌሎቹንም የደከሙትን ላስቲኮች ቀየረችለት። ቁጥሩን ያን ጊዜ፣ ከሁሉም በኋላ፣ አጠፋችው። ሊሄድ ሲል ሰውዬው አንድ ነገር ለመናት፦ የመጀመሪያውን ሴንሰር፣ ከመኪናዋ ጋር የመጣውን፣ ወደ ቦታው እንድትመልስለት። ምንም እንዳልሆነ አየችና መለሰችው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ አድርግልኝ» ሲለው ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

እሑድ መኪናዋ አበባ ታስሮላት ዳገቱ ግርጌ ደረሰች። ሙሽራዋ ከኋላ፣ አባት መሪው ላይ። ፕላስተሩን ልጦ ጥሎታል፤ ሥሩ ያለችው መብራት ጨልማለች። አጃቢዎቹ ለመግፋት እጅጌያቸውን ሰብስበው ነበር፤ ወሬው ተሰምቷላ። መኪናዋ ግን ዳገቱን ጀመረች፣ እኩሌታውን አለፈች፣ የቆመችበትን ቦታ አለፈች። ያን ጊዜ ሙሽራዋ ሙሽራ መሆኗን ረስታ በመስኮት ብቅ ብላ እልልታውን ራሷ አቀለጠችው። አጃቢው ሁሉ ተቀበላት። አናቱ ላይ ሲደርሱ አባትየው ሞተሩን አላጠፋም፤ ድምፅዋን ይሰማ ነበር። «ውረድ እንጂ አባዬ!» ብላ ነው በግድ ያስወረደችው።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅክ ትለኝ ይሆናል። ሠርጉ ላይ ነበርኩ። ሰውዬው ራሱ ጋራዤ ድረስ መጥቶ የሆነውን ሁሉ አውርቶ ጠራኝ፤ የጥሪ ካርዱን በግራ እጁ፣ የሸጥኩለትን ሴንሰር በቀኝ እጁ ይዞ። ያ ድምፁ የጎላው ሁለተኛው ባለ ጋራዥ እኔ ነኝ፣ ንጋቱ። «አዬ ወንድሜ» ብዬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ አሁን የምልህን የምልህ ከላይ ሆኜ አይደለም። ያን ቀን በሳቅ ነው የተለያየነው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ አንድም ሴንሰር ሳልጠይቀው አልነቀልኩም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

የመጀመሪያው አስጠኚ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር አልከኝ። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ መምህር። ሦስተኛዋ ያቺ ከማዶ ያለችው ሴት። ይተዋወቃሉ? አይተዋወቁም። ምን አሉ? «ልጅቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ በሩ ታያለች።» ሦስቱም። አንተ እነሱን ነቅለህ ሌላ ስትተክል ከረምክ፤ ቁጥሩም ያው ቁጥር። አስጠኚዎችህ ደህና ነበሩ። ሥራቸውን ሠሩ፤ ያዩትን ነገሩህ።

እና አሁን እንደ መካኒኳ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ትርሲት ስታጠና በሩ ላይ የሚቆመው ማነው?

አየህ፣ ድምፅህ ወረደ። እኔ አልክ አይደል? ሰምቼሃለሁ።

አንገትህን አትድፋ። በክፋት እንዳልቆምክ አውቃለሁ። ከሥራ ደክመህ መጥተህ፣ ሳትቀመጥ፣ ልጄ ትሳሳት ይሆን እያልክ ትንፋሽህን ይዘህ የምትቆመው ስለምትወዳት ነው። ያ ሰውዬም ናፍጣውን የሚያጠቅሰው ስለሚወዳት ነበር። የኔ ወንድም፣ በጥላቻ ቢሆን ኖሮ በየሳምንቱ ማን ይደክም ነበር! ነገር ግን ልጅቷ ሰባት ስምንት ስንት ነው ስትባል ቁጥሩን አይደለም የምታስበው፤ የአንተን ግንባር ነው የምታየው። ከተሸበሸበ መልሱ ስህተት ነው፣ ከተፈታ ልክ ነው። አንተ በሌለህበት ፈተና ታዲያ ማንን አይታ ትሥራ?

ደስ የሚለው ነገር ልነግርህ ነው፤ ፈገግ በል። ያ ሁሉ መንዘፍዘፍ ጣት በምታህል ላስቲክ ነበር። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ልጅህም ጤነኛ ናት፤ ትናንት እኔ ጋ መጥታ ዳማ ስንጫወት ሁለቴ አሸንፋኛለች፣ ሁለቴም በሩን አላየችም። ሰሌዳውን ነው ያየችው፣ የኔንም ፊት አይታ ስቃብኛለች።

ስለዚህ አራተኛ አስጠኚ አትፈልግ። ለሦስተኛዋ ደውልላትና ይቅርታ ጠይቃት። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመጣ አንተ ወደ እኔ ና፤ የዳማ ሰሌዳው ይጠብቅሃል። ስትወጣ ታዲያ በሩን አትዝጋው። ክፍት ትተኸው ና። ትርሲት ቀና ብላ ታየዋለች፤ ያው ልማድ ነው። ባዶ መሆኑን ትይ። ከዚያ ወደ ደብተሯ ትመለሳለች። መልሱንም ስታገኝ በዚያው በተከፈተው በር ሮጣ ትመጣልሃለች።